ቀለበቱን በጥርሳቸው ሲይዙ

አዴ ሩቂያ የተቀበሩ ዕለት ሮቤ ላይ በረዶ ወረደ። የለቅሶውን ድንኳን እየደበደበው ሴቶቹ ለመደማመጥ ይጮኹ ነበር። እየጮኹም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

«ታድለው! በልጃቸው እጅ ጎርሰው ሞቱ!»

«እንደ ሁሴን ያለ ወንድ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል? ሴት ልጅ እንኳ እንዲህ አታደርግም!»

ከኋላዬ የተቀመጠችው አሮጊት እጇን ዘርግታ «ለኛም እንዲህ ያለውን መጨረሻ ይስጠን» አለች። ድንኳኑ ሙሉ አሚን አለ። የኔም አፍ አሚን አለ። ልቤ ግን «ያ ረቢ፣ እኔንስ ከዚህ ሰውረኝ» ይል ነበር፤ ምክንያቱም አይቻለሁ። ያን ጉርሻ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የአዴ ሩቂያና የኛ ግቢ በአንድ አጥር ነው የሚለያየው። እሳቸውን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቀለበታቸው ነው። ወፍራም የብር ቀለበት ነው፣ በቀኝ እጃቸው ላይ። የሰፈሩ ሰው «ጋቿ» ነበር የሚላቸው፤ ልጅ አልበላ ያለባት እናት ትልክባቸዋለች፣ የያዙትን ጥለው ይመጣሉ፣ ይግቱላታል። ሊግቱ ሲቀመጡ ያን ቀለበት የልጁን ፊት እንዳይቧጭር ያወልቁትና በፊት ጥርሳቸው ነክሰው ይይዙታል። ለሰው አይሰጡትም። ቀለበቱ ጥርሳቸው ላይ እስካለ ድረስ አይናገሩም። «ይብቃ» ቢሏቸው፣ «እባክዎ» ቢሏቸው መልስ የለም። መናገር ያልጀመረ ሕፃን እንኳ እጃቸው ወደ ቀለበቱ ሲሄድ ካየ እሪ ይላል። እሪታውም ለሳቸው ይመቻቸዋል።

«የሚያለቅስ አፍ ክፍት በር ነው» ይሉ ነበር።

አጋጋታቸውን የማያውቅ ይኖራልና ልንገር። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። የልጁን እግር በጭናቸው መሀል ያስገባሉ፣ እጁን በሻሻቸው ጠቅልለው ያስራሉ። ቀኝ መዳፋቸውን እንደ ገንዳ አጥፈው ከአፍንጫው እስከ አገጩ ይገጥሙበታል። በግራቸው አጥሚቱን ወደዚያ መዳፍ ያፈሱታል። ልጁ መተንፈስ ከፈለገ መጀመሪያ መዋጥ አለበት። ሌላ መንገድ የለውም። ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። አንዷ ስኳር ይዛ ብትመጣ «ስኳሩን ለልጁ አጥሚት አድርጊው፣ ነገ መጥቼ እኔው አስገባለታለሁ» ብለው ይመልሷታል።

ደግ አልነበሩም ልል አልችልም። ጨዋታ አዋቂም ነበሩ። አንድ ጊዜ ቀበሌ ጠርቶን፣ አንድ ካድሬ ስለ ልማት ከጠዋት እስከ ምሳ ሲያወራ፣ አዴ ሩቂያ ከመሀላችን ቀስ ብለው፣ ግን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ያ አላህ፣ ይሄ አፍ እንዴት ይከፈታል! አጥሚት ሳልይዝ መምጣቴ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ራሱ ሳቀ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ብሎ በሰላም ቤቱ የሚገባ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይህን ሥራ ለምን እንደያዙም አውቃለሁ። የቆላው የብድሬ ከብት አርቢዎች ወገን ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው ሁለት ልጅ እንደወለዱ ድርቅ መጣ፣ ከብቱ አለቀ። «ኋላ ወተት ተገኘ» አሉኝ አንድ ቀን ገብስ እየለቀሙ። «ተገኘ፤ እነሱ ግን አፋቸውን ዘግተው ነበር። የኔ እናት፣ የኔ አባት እያልኩ ለመንኳቸው። ለምኜ ገደልኳቸው። ሦስተኛውን አልለመንኩትም።»

ሦስተኛው ሁሴን ነው። ጆንያ ተሸካሚ ነው፣ ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ። የሁሴንን ትከሻ ያየች እናት ሌላ ማስረጃ አትጠይቅም።

የኔ ኢፍቱ የተወለደችው እዚህ ሮቤ ዩኒቨርሲቲው ገና መሠረቱ በሚቆፈርበት ጊዜ ነው። ባሌ ጀማል እህል ነጋዴ ነው፤ ምጤ ሲመጣ አገር ቤት እህል ሊገዛ ሄዶ ነበር። ጩኸቴን ሰምተው አዴ ሩቂያ በበሩ ልዙር አላሉም፤ አጥሩን በእጃቸው ነቅለው ገቡ። እትብቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ጀማል እስኪመጣ አጠገቤ ተኝተው ነው ያረሱኝ። እንዲህ ላደረገልሽ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?

ኢፍቱ ግን ከመጀመሪያውም እንደ ሌላ ልጅ አልነበረችም። ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ሳደርግላት እሳት የነካት ይመስል ትንቀጠቀጣለች። በሮቤ ብርድ የሱፍ ሹራብ አታስነካም፤ ከላይዋ ላይ እየጎተተች ትጥለዋለች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች። ጡት እስከጠባች ድረስ ደህና ነበረች። ጡት ስትተው እርጥብ ነገር ሁሉ ጠላቷ ሆነ። ገንፎ ጣቷን ከነካት እጇን ከራሷ አርቃ ይዛ ትጮኻለች፤ እጁ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። የምትበላው እንደ ብስኩት የደረቀ የገብስ ቂጣና ድርቆሽ ነው። ወተት የታጠነ ዕቃ ከነካው አትቀምሰውም፤ የጭሱን ሽታ ከደጅ ታውቀዋለች። ስለዚህ ሲታለብ እዚያው ላሟ ሥር በላስቲክ ጆግ እየተቀበልኩ አመጣላት ነበር። ይህ ሲሰማ ጉድ ተባለ። «ባልታጠነ ዕቃ! ባሌ ውስጥ ተወልዳ!» ወተቱን የምትሸጥልኝ ሴት ሳትቀር ሰው እንዳያያት ጓሮ ነበር የምትሰጠኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለቻት። ሚዛኑን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አንቺ ሰንፈሽ ነው። ልጅ በድርቆሽ ያድጋል? አስገድደሽ ስጫት። ትለምዳለች።»

የለውዝ ቅቤ የመሰለ የሚጣበቅ የልጅ ምግብ በትንሽ ከረጢት ሰጠችኝ። ከንፈሯን ሲነካት ብቻ አስመለሳት።

ጀማል ሦስተኛ ዓመቷን እስክትይዝ ታገሠ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የክንዷን ቅጥነት በሁለት ጣቱ ለክቶ «ምረጪ» አለኝ። «ወይ አዴ ሩቂያ፣ ወይ እናቴ።»

እናቱ ደሎ መና ናቸው። «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ እዚህ የሚቆርጥ ሰው አለ፣ ላኳት» ብለው በሰው ልከዋል። ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ። እንጥሉን በፈረስ ጅራት ፀጉር አንቆ ነው የሚቆርጠው። ኢፍቱ ደግሞ ጉሮሮዋን ተዉት፣ ፀጉሯን ሳበጥርላት እንኳ ራሷን የምትስት ልጅ ናት። ከዚያ ሰው ወንበር ላይ በሕይወት አትነሳም።

የአዴ ሩቂያን መዳፍም እፈራው ነበር። ከኛ ዝቅ ብላ የምትኖረው ከዲጃ ልጅ በፊተኛው ክረምት አጥሚት ትን ብሎት፣ ሳል ይዞት፣ ሳይሽለው ሞቷል። ማንም ምንም አላለም። ከዲጃም «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» አለች። ለቅሶው ላይ ቀድመው የደረሱት አዴ ሩቂያ ናቸው፤ ከእናትየዋ ይበልጥ ያለቀሱትም እሳቸው ናቸው። «ዘገየሽ፣ ከዲጃ» አሏት አቅፈዋት። «ቀደም ብለሽ ብትጠሪኝ ኖሮ ይበረታልሽ ነበር።» ከዲጃ እጃቸውን ሳመች። ያንኑ እጅ።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ነርስም ስትቆጣኝ፣ ባልም ሲቆጣኝ ያሉኝን አደርጋለሁ። ከፈረስ ጅራቱ መዳፉ ይሻላል ብዬ አዴ ሩቂያን ጠራኋቸው።

መጡ። ኢፍቱ የቀለበቱን ነገር ስላላወቀች ሲያወልቁት ዝም ብላ አየቻቸው። እግሯ ሲያዝ፣ እጇ ሲታሰር ነው የጮኸችው። አጥሚቱ ላይ ቅቤ አለበት፣ መዳፋቸው እርጥብ ነው፣ ትንፋሿ ተዘግቷል። የምትፈራው ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ተገጠመ።

«አዴ፣ ትንፋሽ ይስጧት» አልኩ።

አይመልሱም። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ጉሮሮዋ ቋ አለ፤ ዋጠች። እንደገና። እንደገና። ሲለቋት የዋጠችውን ሁሉ ጭናቸው ላይ አስመለሰችው።

ቀለበቱን ከጥርሳቸው አወጡና ሳቁ። «አትፍሪ ሶፊያ፣ ከወጣው የቀረው ይበልጣል።» ከዚያ ቀለበቱን መልሰው ነከሱ፣ ቀሚሳቸው ላይ የፈሰሰውን በመዳፋቸው ሰበሰቡና መልሰው ሰጧት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኢፍቱ የኔን እጅ ፊቷ አጠገብ አላስደርስ አለች። ንፍጧን ልጠርግላት ስል ጥርሷን ትገጥማለች። የምትወደውን ቂጣም ቀነሰች። ጀማል ግን ደስ ብሎት «ወላሂ ጉንጯ ሞላ!» አለ። አብጦ ነው።

ለሁለተኛው ጊዜ «አንቺ ቤት መደበቂያውን ታውቃለች፤ እኔ ጋ አምጫት» አሉኝ። አዝያት ሄድኩ።

ስገባ ሁሴን ምሳውን ይበላል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ። እንዲህ መብላቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያገባት ልጅም ብዙ ሳትቆይ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው «አብሮኝ ማዕድ የማይቀርብ ሰው» ብላ ነው ይባላል። እኛ ዓይን አፋር ነው ብለን ትተነው ነበር።

አዴ ሩቂያ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቀለበቱን አውልቀው ነከሱ። ኢፍቱ አሁን አውቃለች፤ አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። እሳቸው በርጩማዋን ሊያመጡ ሲሄዱ፣ እርጥቡን መዳፋቸውን እንዳጠፉት፣ በሁሴን ጎን አለፉ። ሁሴን ዞር አለ። ቀለበቱን አየ፣ መዳፉን አየ። ያ ግዙፍ፣ ጢም ያበቀለ ሰው ዓይኑን ጨፈነና አፉን ከፈተ። ግማሽ የታኘከ እንጀራ ምላሱ ላይ ይታያል። እጆቹን ደግሞ ማንም ሳያስረው ደረቱ ላይ አጣምሮ ያዘ።

አዴ ሩቂያ ቀለበቱን ከጥርሳቸው አውጥተው ከት ብለው ሳቁ።

«አየሽልኝ ሶፊያ? እስከ ዛሬ ትምህርቱ አልጠፋውም! ዝጋ አንተ፣ ላንተ አይደለም!»

ሁሴን ዘጋ። ጆሮው ቀላ። ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

እኔ ኢፍቱን ታቅፌ ተነሳሁ።

«የት ነው?»

«ይቅርታ አዴ። ዛሬ ይቅር።»

«ይቅርታው ለኔ ነው ወይስ ለሬሳዋ?»

«ወላሂ አዴ፣ ትንሽ ልያትና…»

«ለምኛታ! እኔም ለምኜ ነበር። ሂጂ፣ ለምነሽ ቅበሪ።» በርጩማዋን በእግራቸው ገፏት። «አጥሩን ነቅዬ ያወጣኋት ልጅ ናት። ነቅዬ ያወጣኋትን ነው የምትገድይብኝ።»

እቤት ገባሁ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ጀማል ጋ ደርሷል። ገና እንደገባ «አዴ ሩቂያን አዋረድሻቸው አሉ። ልብሷን አዘጋጂ፣ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ደሎ መና እወስዳታለሁ» አለኝ። ኢፍቱ አልጋው ሥር ነበረች። እኔም ስለሌላ ነገር መናገር ስላልቻልኩ የሁሴንን አፍ ነገርኩት። እንዴት እንደከፈተው፣ እጁን እንዴት እንዳጣመረ።

ሁሴን የሚሸከመው የጀማልን ጆንያ ነው። ጀማል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ምሳ ሰዓት ከጆንያው ጀርባ ይሄዳል» አለ። «እኛ ስስታም ነው እያልን እንስቅበት ነበር።»

 የደሎ መናውን ነገር ደግሞ አላነሳም። ሊተኛ ሲል ብቻ «ብትሞት በአንቺ ነው» አለኝ። ኢፍቱ ደሎ መና አልሄደችም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አዴ ሩቂያ ከአጥሩ ማዶ ይጠሩኝ ጀመር። እንደ ሰላምታ ነው፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

«ሶፊያ! ዛሬም አለች?»

«አለች አዴ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እሺ። ነገ ደግሞ እጠይቅሻለሁ።»

በክረምት፣ በበጋ፣ በጾም፣ በኢድ ቀን ሳይቀር ጠየቁኝ። እኔም ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ተነስቼ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር ይዤ ትንፋሿን አያለሁ፤ እንዳትነቃ፣ እጄን እንዳታይ ተጠንቅቄ። ያ ጥያቄ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ እንዳባነነኝ አላህ ያውቃል። አንዳንድ ቀን ኢፍቱ ቂጣውን ስትተወው መዳፌን አጥፌ ቆሜ አውቃለሁ። አጥፌ እቆማለሁ፣ ከዚያ የሁሴን ምላስ ይመጣብኛል፣ እዘረጋዋለሁ።

ኢፍቱ አልሞተችም። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ነፋስ የሚወስዳት ትመስላለች። ቆሎ ጨመረች፣ የተጠበሰ ድንችም ከደረቀ ትበላለች። ትምህርቷን ደህና ትይዛለች። አንድ ነገር ብቻ፣ ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ነው የምታዞረው። ለሷ ያ አንድ ቀን በቃት።

ዘንድሮ አዴ ሩቂያ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ምላሳቸው ታሰረ። ጎባ ወስደዋቸው ነበር፤ ሐኪሞቹ «ጉሮሯቸው መዋጥ ተስኖታል፣ በግድ በአፍ አትስጧቸው» ብለው ነግረውት ሁሴን መልሶ ቤት አመጣቸው። ከአጥሩ ማዶ የሚጠራኝ ድምፅ ቀረ። ያን ሰሞን አንድ ጠዋት ቂጣ ስጋግር ኢፍቱ ከጀርባዬ ቆማ፣

«ዛሬም አሉ?» አለችኝ።

ድምፁ የሳቸው ድምፅ ነው። ቂጣው አረረብኝ። በማግስቱም ጠየቀችኝ። በማግስቱም።

የመጨረሻው ቀን ወተት ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሁሴን ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ነው። እናቱን መሬት አስቀምጦ በጭኑ መሀል ይዟቸዋል፤ ከስተው የልጅ ያህል ሆነዋል። እጃቸው በሻሻቸው ተጠቅልሏል። አጥሚቱ አጠገቡ ነው። ቀለበታቸውን ከጣታቸው አወለቀው፣ አንድ ጊዜ አየው፣ በፊት ጥርሱ ነከሰው። ቀኝ መዳፉን አጥፎ ከአፍንጫቸው እስከ አገጫቸው ገጠመባቸው።

ፊቱ ላይ አንድም ክፋት አልነበረም። እንባው በጢሙ ይወርዳል።

«ሁሴን፣ ተው» አልኩ። «ትን ይላቸዋል።»

አይመልስም። ቀለበቱ ጥርሱ ላይ ነው።

አፋቸውን ዘግተዋል፣ የሚታዘዝላቸውን ግማሹን። ዓይናቸው በቤቱ ውስጥ ዞረ፣ ዞረና እኔ ላይ ቆመ። አዴ ሩቂያ በዕድሜያቸው ሰው ለምነው አያውቁም፣ ከነዚያ ከሁለቱ ልጆች በስተቀር። ያን ቀን እኔን ለመኑኝ። ከዚያ ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶ ነው። ድምፁ ሲወጣ አፋቸው ተከፈተ። ሁሴን አፈሰሰው።

«ማሻ አላህ!» አለች አንዷ። «ይኼ ነው ልጅ!»

ጉሮሯቸው ቋ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወተቱን በር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

እቤት ስገባ ኢፍቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቂጣዋን ትበላለች።

«በሉ?» አለችኝ ሳትዞር።

«በሉ።»

«ማን አበላቸው?»

«ሁሴን።»

ቂጣዋን ቆረሰች። «እያለቀሱ ነበር?»

ልዋሻት ፈለግኩ፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። «እያለቀሱ ነበር።»

«እንግዲያው አፋቸው ተከፍቷላ» አለች፤ ደረቁን ቂጣ በጥርሷ ቀጭ አድርጋ ሰብራ ማኘኳን ቀጠለች።